የጋማ ጨረር ፍንዳታ «አጭር» ወይም «ረጅም» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

የጋማ ጨረር ፍንዳታ ከሩቅ ጠፈር የሚመጣ ድንገተኛና ኃይለኛ የጋማ ጨረር ብልጭታ ነው፤ ከ2 ሰከንድ በታች የቆየው አጭር፣ ከዚያ በላይ የዘለቀው ረጅም ይባላል። ግራ የሚያጋባው ምኑ እንደሚቆጠር ነው። ከፍንዳታው በኋላ በኤክስሬይ፣ በሚታይ ብርሃንና በሬዲዮ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት እየደበዘዘ የሚቆየው ድኅረ ብርሃን ከሰከንዱ ቆጠራ አይገባም። የሚለካው ጋማ ጨረሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሙሉው አይደለም። ሳተላይቱ ከመዘገበው ጨረር የመጀመሪያውና የመጨረሻው 5 በመቶ ተቆርጦ፣ መካከለኛው 90 በመቶ የፈጀው ጊዜ ይወሰዳል። ጫፎቹ ሁልጊዜ ከሰማይ ከሚመጣው ጨረር ጋር ስለሚደባለቁ የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ በትክክል መለየት ያስቸግራል። ደግሞም ሁለት ሳተላይቶች ለአንድ ፍንዳታ የተለያየ ዕድሜ ሊሰጡት ይችላሉ።

አጭሩ ከኒውትሮን ኮከቦች (ግዙፍ ኮከቦች ሲሞቱ የሚተዉት እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ቅሪት) ግጭት፣ ረጅሙ ከግዙፍ ኮከብ ሞት ይመጣል የሚለው ክፍፍል ለመነሻ ግምት ይሆናል እንጂ እኔ አልተማመንበትም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2021 ስዊፍትና ፌርሚ የተባሉት ሳተላይቶች የመዘገቡት ፍንዳታ 50 ሰከንድ ያህል ቆይቷል፤ ረጅም መሆኑ አያከራክርም። ድኅረ ብርሃኑን የተከታተሉ ቴሌስኮፖች ግን ኪሎኖቫ አገኙበት፤ ይህ ደግሞ የኮከቦች ግጭት የሚተወው ቀላ ያለ ፍካት ነው። በ2020 የታየ ሌላ ፍንዳታ በተቃራኒው ከ2 ሰከንድ በታች ቆይቶ ምንጩ የግዙፍ ኮከብ ሞት ሆኖ ተገኝቷል።