በድሬና በሐረር አልጋ ስትይዙ፦ ስለ ስርቆት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ድሬዳዋ ውስጥ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ሐምሌ 19ም እንዲሁ ነው። ሐረር ደግሞ የረመዳን ጾም አልፎ፣ የሸዋል ስድስቱ ቀናት ተጹመው ሸዋል ዒድ ሲከበር በእንግዳ ትሞላለች። በዓሉ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

በእነዚህ ሰሞናት ከማረፊያ ክፍሎች ዕቃ ይጠፋል። ስልክ ይጠፋል፣ ቦርሳ ይጠፋል፣ ለስለት የተያዘ ብር ይጠፋል። ከዚያ ምክር ይበዛል። አብዛኛው ምክር ግን እንግዳውን ከሌባ አያድንም። አንዳንዱ እንዲያውም ምንም ያላደረገ ሰው ላይ ጣት ያስቀስራል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ላንሳ።

«የወሰደችው ክፍል የምታጸዳው ልጅ ናት»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ዕቃ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። ቦርሳዋ ይፈተሻል። እንግዳው ይጮህባታል። ባለቤቱም እንግዳውን ለማስደሰት ሲል ይጨምርባታል። «ይህን ክፍል የሚከፍቱ ስንት ቁልፎች አሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

እስቲ እንቁጠራቸው። አንዱ እናንተ ጋ ነው። ትርፉ ሪሴፕሽን ተቀምጧል። ለጽዳት የሚያገለግል ሌላ ቁልፍ አለ፤ እሱም ከፈረቃ ፈረቃ ይተላለፋል። ከእናንተ በፊት ያደረ እንግዳ ደግሞ ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ሄዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ብዙ ፔንሲዮን የሚያደርገው ትርፉን ወስዶ ሌላ ማስቀረጽ ነው። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ አይቀየርም። የጠፋው ቁልፍ ዛሬም ያንን በር ይከፍታል። ርካሽ ቁልፍ የተገጠመበት ቤት ከሆነ፣ የአንዱ ክፍል ቁልፍ የጎረቤቱንም ሊከፍት ይችላል።

ቁልፉ የሚቀመጥበት ቦታም አለ። ከካውንተሩ ጀርባ ባለ ሰሌዳ ላይ፣ ቁጥሩ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ ይንጠለጠላል። ቁልፉ ከተሰቀለ እንግዳው ወጥቷል ማለት ነው። ማኪያቶ ሊጠጣ የገባ ሰው ሁሉ የትኛው ክፍል ባዶ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያነባል። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ ሻይ ሊያመጣ ዞር ካለ እጅ ዘርግቶ ማንሳት ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋስ? ብዙ ቦታ ዋስ ጠርታ ነው የተቀጠረችው። ስሟ ይታወቃል፣ ሰፈሯ ይታወቃል፣ የገባችበትና የወጣችበት ሰዓት ይታወቃል። በበዓል ሰሞን ብቻዋን ብዙ ክፍል እንድታጸዳ ይሰጣታል። ወለሉ እንዲደርቅ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደሚቀጥለው ትገባለች። ያ የተከፈተ በር የእሷ ስንፍና አይደለም። አንድ ሰው ጨምሮ መቅጠር የነበረበት ባለቤቱ ነው።

ሠራተኛ አይሰርቅም አልልም። የሰረቀ ይጠየቅ፤ ግን በማስረጃ። ደሞዝ መቁረጥም ባለቤቱ ደስ እንዳለው የሚያደርገው ነገር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደሞዝ የሚቆረጥባቸውን ሁኔታዎች ለይቶ አስቀምጧል፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ የሰጠችው ስምምነት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ የሚቆረጠው ከወር ደሞዟ ከሢሶ ሊበልጥ አይችልም። «እንግዳው ተናደደ» የሚል ምክንያት አዋጁ ውስጥ የለም።

ስለዚህ አልጋ ስትይዙ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ትርፍ ቁልፉ ማን ጋ ነው? ስወጣ ቁልፉን ይዤ መሄድ እችላለሁ? ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው? መልስ ለመስጠት የሚንተባተብ ቤት ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

«ሌባ የሚመጣው ሌሊት ነው»

ድሬን የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። ድሬ ከሰዓት በኋላ ትተኛለች። ፀሐዩ አናት ሲበሳ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ይገባል። ገሚሱ ያሸልባል፣ ገሚሱ በርጫ ላይ ይቀመጣል። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ጥላ ሥር ያሉት መንገዶች እንኳ ጭር ይላሉ። ሌሊት ሙሉ የነቃው ጥበቃም በዚህ ሰዓት ነው የሚያንቀላፋው። እንግዳው ቀፊራ ገበያ ወጥቷል። ክፍሉ ባዶ ነው።

ሙቀቱ ሌላም ጣጣ አለው። ፋን ብቻ ያለበት ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግቶ መተኛት ከባድ ነው። መብራት ሲጠፋማ ጭራሽ አይታሰብም። ሰው መስኮቱን ይከፍታል፣ አልፎም በረንዳ ላይ ይተኛል። ስልኩን ደግሞ ሶኬቱ መስኮቱ አጠገብ ስለሆነ እዚያው ቻርጅ ላይ ይተወዋል። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ቢኖረውም እጅ ያስገባል፤ በእንጨት ጫፍ ገመድ ጎትቶ ማውጣትም ይቻላል። መስኮት ከፍታችሁ የምትተኙ ከሆነ ከመስኮቱ እጅና ዱላ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ምንም ነገር አታስቀምጡ። ኮሞዲኖውን ከመስኮት ሥር ወደ ሌላኛው ግድግዳ መግፋት ቀላል ነገር ነው።

ሐረር ውስጥ ደግሞ ሰዓቱ ይለያል። ምሽት ላይ እንግዳው ሁሉ ጅብ ሲበላ ሊያይ ከጁገል፣ በግንብ ከታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ውጭ ይወጣል። ሁሉም የሚወጣው በአንድ ሰዓት ነው። ይህን ደግሞ የከተማው ሰው በሙሉ ያውቃል። ከመውጣታችሁ በፊት መብራት አብርታችሁ ሂዱ፤ የምታርፉበት ቤት ማን እንደሚቆይ ጠይቁ።

«ጁገል ውስጥ፣ ሰው ቤት ካረፍኩ ማንም አይነካኝም»

ግማሽ እውነት አለው። ጁገል ውስጥ ባህላዊ ቤታቸውን ለእንግዳ የከፈቱ ቤተሰቦች ጋ ማረፍ ትልቅ ደስታ ነው። ነደባው፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራው መቀመጫ፣ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን አጊጦ፣ ከእናትየው እጅ ቡና መጠጣት የትም ሆቴል አይገኝም። ጠባቡ መንገድ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ይተያያል። የማይታወቅ ፊት ቶሎ ይለያል። ጎረቤት ከካሜራ ይበልጣል።

ግን ቤቱ የተሠራው ለቤተሰብ ነው። ግቢውን ከአንድ በላይ ቤተሰብ ሊጋራው ይችላል። በሩ ቀን ቀን ክፍት ሆኖ ሊውል ይችላል። አንዳንዱ ክፍል ከውጭ የሚቆለፍበት ነገር የለውም። ጎረቤቱ የሚጠረጥረው የማያውቀውን ሰው ነው፤ አጠገባችሁ ያደረውን ሌላ እንግዳ ግን ማንም አይጠረጥርም። ሻንጣ የሚቆለፍ ይሁን። ውድ ነገር ካላችሁ ለቤቱ እናት በእጃቸው ስጡ። «እማማ፣ ይህን አደራ» ብላችሁ፣ ምን እንደሆነ ከፍታችሁ አሳይታችሁ። በአደራ የተቀበሉትን ነገር እንዴት እንደሚጠብቁት አይቻለሁ።

ግንቡን የሚያነሳም አለ። የጁገል ግንብ ለዘመናት ከተማዋን ጠብቋል፤ በሮቹም ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ዛሬ ግን በሮቹ አይዘጉም፣ ባጃጅ ይመላለስባቸዋል። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግንብ ሻንጣ አይጠብቅም።

«ውድ ነው፣ ካሜራም አለው»

ዋጋው በበዓል ሰሞን የሚወደደው ክፍል ስለጠፋ ነው። ጥበቃው አልተጨመረም፤ ያው አንድ ሰው ነው። ካሜራውም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ይቀዳል ወይ? ስንት ቀን ያስቀምጣል? ከፍቶ ማየት የሚችለው ሰው ዛሬ ሥራ ላይ አለ? እነዚህን ጠይቁና እለፉ።

«ለጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም ተብሎ ተለጥፏል፤ ምን ማድረግ ይቻላል?»

ይህች ወረቀት የሌለችበት በር ማግኘት ይከብዳል። እንግዳውም አንብቦ ተስፋ ይቆርጣል። ብዙ ባለቤቶችም ከልባቸው ያምኑባታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሆቴል ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እንግዳ አሳድሮ ገንዘብ የሚቀበል ሰው እንግዳው ይዞት ለገባው ዕቃ ኃላፊነት እንዳለበት ከዚያ ይነሳል። ኃላፊነቱ ወሰን የለሽ አይደለም። በእንግዳው በራሱ ጥፋት የጠፋ ነገር፣ ወይም ራሱ ያስገባው ጓደኛ የወሰደው ነገር የባለሆቴሉ ዕዳ አይሆንም። በሩን ከፍታችሁ ወጥታችሁ ከሆነ ክርክሩ ይከብዳችኋል። ነገር ግን የማይዘጋ በር አከራይቶ፣ የጠፋ ቁልፍ ሳይቀይር ቀርቶ፣ ግድግዳ ላይ ወረቀት በመለጠፍ ብቻ ከራሱ ጥፋት ነፃ የሚወጣ የለም።

ሁለት ነገር ይረዳችኋል። አንደኛ፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። በቁልቢ ሰሞን ብዙ ሰው ያለ ደረሰኝ፣ መዝገብ ላይ ስሙ ሳይጻፍ ያድራል። ኋላ እዚያ ማደሩን እንኳ ማስረዳት ይቸግረዋል። ሁለተኛ፣ ውድ ዕቃ ካለ ካውንተር ላይ በጽሑፍ አስረክቡ። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደተረከበ ይጻፍ፣ ይፈረም። ያን ጊዜ ነገሩ አደራ ይሆናል። ዕቃው እንደጠፋ ስታውቁም ወዲያው ንገሩ። ከተማውን ለቃችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ስልክ መደወል ጉዳዩን ያዳክመዋል።

«ገንዘብና ፓስፖርት ከራስ አይለይም»

በአዘቦት ቀን እሺ። በንግሥ ቀን ግን አይሆንም። ቁልቢ ከድሬ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ስትደርሱ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ዓይን ሁሉ ወደ ታቦቱ ነው። የኪስ ሌባ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም። የስለቱን ብር ለብቻ፣ የመንገዱን ለብቻ አድርጉት። ቀሪው፣ ካዝና ያለው ቤት ከሆነ እዚያ ይቅር። ከሌለም ቤተሰብ ሆኖ የሄደ ሰው ከፋፍሎ መያዝ አለበት። የሁሉንም ብር እናት ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ትልቅ ስህተትም ነው።

መታወቂያን ማስያዝም እዚህ ላይ ይነሳል። ቁጥሩን መመዝገብ ተገቢ ነው። ዋናውን ግን ካውንተር መሳቢያ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተደባልቆ እንዲያድር አትፍቀዱ።

«ፖሊስ ጋ መሄድ ትርፉ ድካም ነው»

ባለቤቱም ይለምናችኋል። «ስማችን ይጠፋል፣ እኛው እንፈልጋለን» ይላል። መልካም ሰው ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን ሂዱ።

ከዚያ በፊት ግን ስልክ ጠፍቶ ከሆነ ቅድሚያ ለእሱ ስጡ። የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አስዘጉ። ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም የተያያዘው ከዚያ ቁጥር ጋር ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ 951 ይደውል። ለጉዞ ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ *#06# ብላችሁ የስልካችሁን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ስልክ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ጣቢያ ስትደርሱ የምታውቁትን ብቻ ተናገሩ። ስንት ሰዓት ወጣችሁ፣ ስንት ሰዓት ተመለሳችሁ፣ በሩ ተሰብሮ ነበር ወይስ ተከፍቶ፣ ቁልፉን ለማን ሰጣችሁ፣ ምን ጠፋ። የጠረጠራችሁትን ሰው ስም አስቀድማችሁ አታስመዝግቡ፤ የማጣራቱ ሥራ የመርማሪው ነው። በሩ ካልተሰበረ ጥያቄው ወደ ቁልፎቹ ይሄዳል፣ ቁልፍ የያዙትም ሁሉ እኩል ይጠየቃሉ። ያቺ የጽዳት ሠራተኛ እንግዳ ፊት ከመፈተሽ ይልቅ ቃሏን በሥርዓት የምትሰጠው በዚህ መንገድ ነው።

ማስረጃው ለእናንተም ያስፈልጋል። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት የጠፋበት ሰው ምትክ ሊያወጣ ሲሄድ የሚጠየቀው የፖሊስ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ደግሞ ዕቃው በጠፋበት ከተማ፣ በዚያው ቀን ማውጣት ይቀላል። ከውጭ የመጡ ዘመዶቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ፣ የመመለሻ በረራቸው ከመድረሱ በፊት ይህን ጨርሱላቸው።