«ማሲንቆም ፈተና አለው እንዴ?» ስለ ተማሪዎች ሪሳይታል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመመረቂያ ሪሳይታል (ተማሪው በታዳሚ ፊት መድረክ ላይ የሚጫወትበት ዝግጅት) ሰሞን ሲደርስ ቤተሰብ አበባውን ይዞ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይመጣል። በጣም ደስ ይላል። ነገር ግን ማሲንቆ አስተማሪ ነኝና በየዓመቱ ከመቀመጫዎቹ መሃል ያንኑ ንግግር እሰማለሁ። ሰልችቶኛል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልናገር።

«ሪሳይታል ኮንሰርት ነው»

አይደለም፣ ፈተና ነው። መምህራን ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። የድምፁ ጥራት፣ ምቱ፣ አገላለጹ፣ የሥራዎቹ አመራረጥ ሳይቀር ነጥብ አለው። አርፍደው ከመጡ አንዱ ሥራ እስኪያልቅ በር ላይ ይጠብቁ።

«በየመሃሉ ማጨብጨብ ልጁን ያበረታታል»

ማጨብጨብ ነውር አይደለም። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ፓሪስ ላይ አዲስ ሲምፎኒው ሲቀርብ፣ ሕዝቡ ገና በመጀመሪያው ክፍል መሃል እንዳጨበጨበለት ለአባቱ ጽፏል፤ ደስም ብሎታል። የእኛ ተማሪ ግን እየተፈተነ ነው። ሶናታው (በክፍሎች የተከፋፈለ የመሣሪያ ሙዚቃ ሥራ) ሦስት ወይም አራት ክፍል ካለው፣ በክፍሎቹ መካከል ያለችው ጸጥታ ለሚቀጥለው ፍጥነት የሚዘጋጅባት ናት። እጁን ከመሣሪያው አንሥቶ ወደ እናንተ ሲዞር ያኔ አጨብጭቡ። እልልታውም ያኔ ይቅለጥ።

«ኖታ እያየ የሚጫወት ገና አልቻለም»

ፒያኒስቶች ብቻቸውን ሲጫወቱ በቃል የመጫወት ልማድ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ እነ ክላራ ሹማንና ፍራንዝ ሊስት ካስለመዱት በኋላ ነው። ሁለትና ሦስት ሆነው ሲጫወቱ ግን በዓለም ታላላቅ መድረኮችም ኖታው ፊታቸው ነው።

«ፒያኖ ላይ ያለው አጃቢ ብቻ ነው»

እሱ የሚጫወተውን አንድ ቀን ለብቻው አዳምጡት። ሌላ አልልም።

«ማሲንቆና ክራር ቀላል ነው፤ አዝማሪው ሳይማር ይጫወተው የለ?»

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የቫዮሊን ወይም የፒያኖ ተማሪ ሲወጣ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ማሲንቆ ይዞ የወጣ ጊዜ ወሬ ይጀመራል፣ ስልክ ይወጣል። «ይሄማ የለመድነው ነው» ይላሉ።

መጀመሪያ፣ አዝማሪው ሳይማር አልተጫወተም። ጎንደርም ወሎም ያለ አዝማሪ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓመታት ፈጅቶ ነው የተማረው። ዲግሪ ስላልተሰጠው አልተማረም ማለት ስድብ ነው። ሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥም ነገሩ የትናንት አይደለም፤ ዓለሙ አጋን የመሰሉ የበገና ሊቅ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር።

ሁለተኛ፣ ማሲንቆ አንድ አውታር ስላለው ቀላል ነው የሚለው ስሌት የተገለበጠ ነው። ዜማው ሁሉ የሚወጣው ከዚያች አንዲት የፈረስ ጭራ ነው። ቫዮሊን ላይ ጣት አውታሩን እንጨቱ ላይ ይጫነዋል። ማሲንቆ ላይ የሚጫኑበት እንጨት የለም፤ አውታሩ ከአንገቱ ርቆ ተወጥሯል፣ ጣት አየር ላይ ነው የሚነካው። ትንሽ ጠንከር ካለ ድምፁ ከፍ ይላል። አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ቁርበቱም ጭራውም ይለዋወጣል።

ሦስተኛ፣ ቅኝት፤ ማለትም ዜማው የሚመሠረትባቸው አምስት ድምፆች አደራደር። አምባሰልንና አንቺሆዬን ከአንድ ድምፅ ብትጀምሯቸው የመጀመሪያ ሦስት ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። የሚለያዩት በአራተኛውና በአምስተኛው ነው፤ እሱም በግማሽ ድምፅ። ጣት ለጥቂት ከሳተች አምባሰሉ አምባሰል መሆኑ ይቀራል። ተማሪዎቼ ይህችን ርቀት ለመያዝ ደጋኑን በቀስታ እየሳቡ አንድ ድምፅ ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። ከውጭ ለሚሰማ አሰልቺ ነው፤ ጎረቤት የከሰሳቸውም አሉ።

ክራርም እንዲሁ ነው። ስድስት አውታር ያለው ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ እንደገና መቃኘት አለበት። ልጁ መድረክ ላይ ሲቃኝ «ሳይዘጋጅ መጣ» የሚል ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ያውቃል። እየተዘጋጀ እኮ ነው! ደግሞ ግርፍ (አውታሮቹን በአንድ ላይ እየመታ) ሲጫወት የግራ እጁን ጣቶች ተመልከቱ፤ መሰማት የሌለባቸውን አውታሮች አፍነው የሚይዙት እነሱ ናቸው።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ዋና መሣሪያዋ ማሲንቆ ነው፤ ቤተሰቧ ግን ለዘመድ ሁሉ «ቫዮሊን ነው የምትማረው» ይል ነበር። ሪሳይታሏ ላይ በትዝታ ጀምራ በአንቺሆዬ ስትጨርስ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር የሚያዳምጣት። አባቷ ከዚያ በኋላ መጥተው «ይሄ ነገር ይህን ያህል ነው እንዴ?» አሉኝ። አዎ፣ ይህን ያህል ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች፣ እባካችሁ ልጃችሁ የሚማረውን መሣሪያ በስሙ ጥሩት። ቤት ውስጥ የመለማመጃ ሰዓትና ጥግ ስጡት። «ያንን ሙሾ አቁም» አትበሉት። ሪሳይታሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሰርግና የለቅሶ መልእክት ወዲያ ወዲህ አታስሩጡት፤ እጁ ማረፍም መሥራትም አለበት።

«እጁ የተንቀጠቀጠ አልተዘጋጀም»

የተዘጋጀም ይንቀጠቀጣል። ፍርሃት ልብን ያስመታል፣ ጣትን ያቀዘቅዛል፤ የሰውነት ሥራ ነው። መፍትሔው ከሪሳይታሉ በፊት በሰው ፊት ደጋግሞ መጫወት ነው። ለጓደኛ፣ ለጎረቤት፣ ለአክስት። ጠዋት ላይ ቡና ማብዛት ደግሞ አይረዳም። እጅን ሞቅ ባለ ውሃ መታጠብ ይረዳል።

«ከተሳሳተ አቁሞ እንደገና ይጀምር»

በፍጹም። ተማሪዎች፣ ቀጥሉ። አንድ የሳተ ድምፅ ጥቂት ነጥብ ቢያስቀንስ ነው፤ ማቆም ግን ሥራውን ሙሉ ይሰብረዋል። ፊታችሁንም አታጨማድዱ፤ ብዙ ታዳሚ ስህተቱን የሚያውቀው ከፊታችሁ ነው። ልምምድ ላይም ሆን ብላችሁ ከመሃል ተነሥቶ መቀጠልን ተለማመዱ፤ በእያንዳንዱ ሥራ ውስጥ ቢጠፋባችሁ የምትገቡባቸውን ቦታዎች ቀድማችሁ ምረጡ።