ሮዋን አትኪንሰን፦ ከሚስተር ቢን ዝምታ ጀርባ

ሚስተር ቢንን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቡናማ ኮት፣ ቀጭን ቀይ ክራባት፣ ትንሽ አረንጓዴ መኪና፣ አንድ የጨርቅ ድብ። እሱን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን ሲባል ግን "እሱ ደግሞ ማነው?" የሚል አይጠፋም። በአገሩ በእንግሊዝ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሰውዬው መጀመሪያ ስም ያወጣው በዝምታው ሳይሆን በምላሱ ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1955 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኮንሴት በምትባል ከተማ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። በተለይ የ"በ" ድምፅ ያስቸግረዋል። መውጫ ያደረገው ቃሉን ከልክ በላይ አጥርቶ፣ እያንዳንዱን ድምፅ እየመዘነ መጥራት ነበር። ይሄው ዘዴ በኋላ መሳቂያም መተዳደሪያም ሆነለት። ራሱ እንደሚለው፣ የሌላ ሰው ገጸ ባህሪ ሲላበስ መንተባተቡ ይጠፋል።

የተማረው ትወና አይደለም። በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ አጥንቶ፣ ማስተርሱን ለመሥራት በ1975 ኦክስፎርድ ገባ። እዚያ ከደራሲው ሪቻርድ ከርቲስና ከሙዚቃ አቀናባሪው ሃዋርድ ጉዳል ጋር ተገናኘ። ሦስቱ ለብዙ ዓመታት አልተለያዩም። ለእኔ ኢንጂነርነቱ በቀልዱ ውስጥ ይታያል። አንዲት የቅንድብ እንቅስቃሴ እንኳ ተለክታ የገባች ነው የምትመስለው።

በ1979 ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል በተዘጋጀ የመድረክ ዝግጅት ላይ አስተማሪ ሆኖ ቀረበ። ሥራው ስም መጥራት ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዞ ጉደኛ ጉደኛ የተማሪ ስሞችን ይጠራል፣ ቀና ብሎ ይገላምጣል፣ ይቀጥላል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እሱ ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። በዚያው ዓመት በቢቢሲ በጀመረው "ኖት ዘ ናይን ኦክሎክ ኒውስ" የተባለ ፖለቲካና ዜና ላይ የሚያሾፍ ፕሮግራም አገሩ በሙሉ አወቀው። በ1981 ደግሞ በለንደን የቴአትር ሰፈር በዌስት ኤንድ በራሱ ስም መድረክ ይዞ፣ በዚያው ሥራ ኦሊቪየር የተባለውን የብሪታንያ የቴአትር ሽልማት ወሰደ። አሜሪካ ግን አልቀናውም። በ1986 በኒውዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ ያቀረበው ትርኢት ክፉ ሂስ ገጥሞት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተዘጋ።

እንግሊዞች ከሥራዎቹ አብልጠው የሚያነሱት "ብላክአደር" የተባለውን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ነው። ከ1983 እስከ 1989 በአራት ተከታታይ ቀረበ። እያንዳንዱ በሌላ ዘመን ይካሄዳል። ኤድመንድ ብላክአደር በመጀመሪያው የመካከለኛው ዘመን ልዑል ነው፤ ጅልና ፈሪ። ብዙ ገንዘብ ፈሶበት ሥራው እንደታሰበው ስላልሆነ ሊቋረጥ ደርሶ ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ ወጪው ተቀነሰ፣ ቤን ኤልተን በጸሐፊነት ገባ፣ አትኪንሰን ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ትወናው ዞረ። ገጸ ባህሪውም ብልጥና ምላሰኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሚሆነው ደስ ይላል። ልዑሉ በቀጣዩ ዘመን የቤተ መንግሥት ባለሟል፣ ቀጥሎ የልዑል አሽከር፣ በመጨረሻ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የተቀመጠ ሻምበል ነው። ማዕረጉ ባነሰ ቁጥር ምላሱ ይስላል። በመጨረሻው ክፍል እሱና ጓዶቹ ከምሽጉ ወጥተው ወደ ጥይቱ ይሮጣሉ፤ ምስሉ ቀስ እያለ ወደ ቀይ አበባ ማሳ ይለወጣል። የኮሜዲ ተመልካች የሚጠብቀው መጨረሻ አልነበረም።

ቢን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1987 በካናዳዋ ሞንትሪያል በተካሄደ የኮሜዲ ፌስቲቫል ላይ አትኪንሰን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በሚታደሙበት ዝግጅት ካላቀረብኩ አለ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ያለ ቃል ይስቅ እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነው። ሳቀ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ሚስተር ቢን በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። ስሙ ከመጽደቁ በፊት የአትክልት ስሞች ተሞክረው ነበር፤ አበባ ጎመን ሳይቀር። አትኪንሰን ገጸ ባህሪውን በአዋቂ ሰውነት ውስጥ ያለ ሕፃን ይለዋል። ዓለምን ያዳረሰው ይህ ተከታታይ 15 ክፍል ብቻ መሆኑን ስሰማ አላመንኩም ነበር። ካርቱኑ በ2002 የመጣ ሌላ ሥራ ነው። የ1997ቱ የቢን ፊልም ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ሁለተኛው በ2007 ተከተለ። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይም አትኪንሰን ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሃል ተቀምጦ አንዲት ኖታ ብቻ እየደጋገመ፣ በመሰላቸት ስታዲየሙን አሳቀ።

ሌላውን በአጭሩ። "ጆኒ ኢንግሊሽ" የተባለው የማይረባ ሰላይ የተወለደው ከባንክ ካርድ ማስታወቂያ ሲሆን በ2003፣ በ2011 እና በ2018 ፊልም ሆኗል። በ1994ቱ የካርቱን ፊልም "ላየን ኪንግ" ዛዙ የተባለው ወፍ ድምፅ የእሱ ነው። በ2009 "ኦሊቨር!" በተባለው የሙዚቃ ድራማ የሌቦቹ አለቃ ፌጊን ሆኖ ወደ ለንደን መድረክ ተመለሰ። በ2016 እና በ2017 ደግሞ ቀልድ የማያውቀውን የፓሪስ መርማሪ ሜግሬን ተጫወተ። እንዲያ ረግቶ ማየቱ መጀመሪያ ግር ይላል።

ቢንን መጫወት እንደሚያደክመውና እንደሚያስጨንቀው ተናግሯል። ሆኖም በ2022፣ በ67 ዓመቱ፣ ኔትፍሊክስ ላይ ከአንዲት ንብ ጋር ሲታገል ቤት የሚያፈርስ ሰው ሆኖ መጣ። በ2025 ያው ሰውዬ ከሕፃን ጋር ተመልሷል። የገጸ ባህሪው ስም ትሬቨር ቢንግሊ ነው። ብላክአደር፣ ቢን፣ ቢንግሊ፤ ሁሉም በዚያችው በምታስቸግረው ፊደል ይጀምራሉ።