የጎጃም አዝማሪ ቤት፦ ማሲንቆ፣ ጠጅና «ተቀበል!»

ሰው ማታ ማታ ለሙዚቃና ለጭፈራ የሚሰባሰብበት ቤት በየአገሩ አለ። ቦነስ አይረስ ታንጎ የሚጨፈርበት ሚሎንጋ አላት። ስፔን ፍላሜንኮ የሚታይበት ታብላኦ አላት። ቺካጎ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ዌርሃውስ የሚባል ክለብ ነበር፤ «ሃውስ» የሚባለው ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ነው። ጎጃም ደግሞ አዝማሪ ቤት አለው።

ቤቱ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ መደብ ወይም በርጩማ ይደረደራል፤ ወለሉ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ጠጅ በብርሌ ይቀርባል፤ ቢራ የሚያዝም ሞልቷል። አዝማሪው መድረክ አያስፈልገውም፤ በእንግዶቹ መሀል እየዞረ ይጫወታል። ማሲንቆ ያላት አንድ ክር ብቻ ነው። ክሩም ሆነ የደጋኑ ጅማት የፈረስ ጭራ ነው። ሳጥኑ በቆዳ ተለብጧል። በዚያች አንድ ክር ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ፣ አንቺሆዬው ሁሉ ይወጣል።

አዝማሪው ፊትህ ሲቆም መጀመሪያ የሚያየው አንተን ነው። አለባበስህን ያያል፤ አብራህ የመጣችውን ያያል፤ ያዘዝከውን መጠጥ ያያል። ከዚያ ስለ አንተ ይገጥማል፤ ቤቱ ይስቃል። አንተም ዝም አትልም። «ተቀበል!» ትላለህ። ማሲንቆው ዝቅ ይላል። ስንኝህን ትሰጣለህ፤ አዝማሪው ከአፍህ ተቀብሎ ያዜመዋል። ለምሳሌ እንዲህ፦

ጣና ዳር ተቀምጦ ውሃ የጠማው ሰው፣
አባይን አምኖ ነው እንዲህ የደረሰው።

ሰሙ ወንዙ ነው። ወርቁ የሚወጣው «አባይ» ውሸታምም ማለት በመሆኑ ነው፤ የሚያንጎራጉረው ውሸታም አምኖ የተታለለ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ግን ማንም ይህን አያብራራም። የገባው «እሰይ!» ብሎ ተነስቶ ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፍለታል። ያልገባው ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ ይጠይቃል።

«ተቀበል» የጎጃም ብቻ አይደለም፤ ጎንደርም ወሎም አለ። ጎጃም ግን የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ ከታወቁት የቅኔ ቤቶች ናቸው። የቆሎ ተማሪው ቅኔ የሚዘርፈው በግእዝ፣ በቤተ ክርስቲያን ነው። የጠጅ ቤቱ ስንኝ አማርኛ ነው። ቤቱ ይለያይ እንጂ ሰምና ወርቅ የሚለየው ጆሮ ያው ነው። ለእኔ የጎጃም ምሽት ትልቁ ሀብት ይህ ጆሮ ነው። ሰው የሚመጣው ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ከመምጣቱ በፊት እቤቱ ሆኖ ያዘጋጀውን ስንኝ በልቡ ይዞ ነው።

ጭፈራው እስክስታ ነው። ከበሮው ሲፈጥን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ትከሻ ይመታል፤ ትንፋሹ ራሱ ምት ይሆናል። በመሀል አንዱ ወኔው ይነሳና ይፎክራል።

ባህር ዳርን በመሰለ ትልቅ ከተማ ናይት ክለብም፣ ዲጄም፣ ላይቭ ባንድም አለ። እንደ ይሁኔ በላይ ያሉ ዘፋኞች የጎጃምን ዜማ በካሴት ለመላው አገር አድርሰውታል። ኪቦርድ ገባ ብዬ አልከፋም። የሚከፋኝ ስፒከሩ ነው። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ስንኝ አይሰማም፤ ስንኝ ካልተሰማ ደግሞ «ተቀበል» የለም። የቤት ባለቤቶች፣ እባካችሁ ቀንሱልን።

አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሙያ ነው። አዝማሪዎች ከሌላው ሰው የሚሰውሩት የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ሕዝቡ በሰርጉም በድግሱም እየፈለጋቸው ረጅም ዘመን ንቋቸው ኖሯል። ይህ ግፍ ነው፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

ምሽት ቤት ማታ ይፈልጋል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ሌሊት አሳጥሮት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ካዛንቺስ ላይ አዝማሪ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ፤ ማሲንቆ ይዘው ከሰሜን የወረዱ ብዙ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል ጦርነት ሲቀጣጠል አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ባህር ዳርም ሰዓት እላፊ ገባባት። ከሁሉ በፊት እንጀራው የሚጎድለው ማታ የሚሠራው ሰው ነው።

በደህናው ጊዜም ቢሆን ቤቱ የራሱ ወቅት አለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭፈራው ይበርዳል፤ ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ፋሲካ ሲደርስ ይወርዳል። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ግን የሰርግ ሰሞን ነው። ያኔ ከተማ ያለውን ቤት ከፍተህ ብትገባ ጠጁ አለ፣ ቄጤማው አለ፣ አዝማሪው የለም። ገጠር ወርዷል፤ ዳስ ውስጥ ሙሽራ እያወደሰ ነው።