የዓሣ ጀልባ ኤሌክትሮኒክስና የሳተላይት አየር ትንበያ፦ ምን ይቅደም?

ግሎስተር በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ያለች የዓሣ ወደብ ናት። አውሮፓውያን ለዓሣ ማስገር የሰፈሩባት በ1623 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዳርቻዋ ባለው መታሰቢያ ላይ ባሕር የበላቸው ከ5,300 በላይ ሰዎች ስም ተቀርጿል። ጀልባዎቿ ከሚሠሩባቸው ቦታዎች አንዱ ጆርጅስ ባንክ ነው። ይህ ከየብስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ፣ በዙሪያው ካለው ጥልቅ ውቅያኖስ ከፍ ያለ ሰፊ የባሕር ወለል ነው። ዓሣ ሞልቶታል፤ ጭጋግም እንደዚያው። ለዚህ ቦታ የሚገጠም ኤሌክትሮኒክስ ለሐይቅ ዳር ሽርሽር ከሚገዛው ጋር አንድ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ትልቁ ስክሪን ነው። ብዙ ሰው ብሩን እዚያ ላይ ይጨርስና ለሌላው እጅ ያጥረዋል። እኔ ግን ተራውን ልገልብጠው እላለሁ። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ፣ ቀጥሎ እርዳታ መጥሪያው፣ ከዚያ ራዳሩ። ዓሣ መፈለጊያው ይደረስበታል፣ አይጠፋም።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ አልቆይም። ሞተር ሲነሳ የባትሪው ቮልቴጅ ለአፍታ ይወርዳል፤ ስክሪኑም ድርግም ብሎ እንደገና ይነሳል። ስለዚህ ኤሌክትሮኒክሱ ከሞተር ማስነሻው የተለየ ባትሪ ይኑረው። ኬብሉም ወፈር ይበል። ጨው የበላው ማያያዣ ስንቱን ውድ ዕቃ ጥፋተኛ አስመስሎታል።

እርዳታ መጥሪያ ሲባል በመጀመሪያ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ነው። የአደጋ ጥሪ የሚሰማው በቻናል 16 ነው። የሬዲዮው ቀይ የአደጋ ቁልፍ ሲጫን ደግሞ በቻናል 70 የጀልባዋን መለያ ቁጥርና ያለችበትን ቦታ በዲጂታል ይልካል። ቦታውን የሚልከው ግን ሬዲዮው ጂፒኤስ ሲኖረው ወይም ከጂፒኤስ ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። አንዲት ቀጭን ሽቦ ሳትገናኝ ቀርታ ቁልፉ ግማሽ ሥራ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ያሳዝናል። ቪኤችኤፍ ከአድማስ ብዙም አያልፍም። አንቴናቸው 5 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሁለት ጀልባዎች የሚደማመጡት እስከ 10 የባሕር ማይል ገደማ ነው። የባሕር ዳርቻ ጥበቃው አንቴና ረጅም ስለሆነ የበለጠ ይሰማል፤ ጆርጅስ ባንክ ላይ ግን እሱንም አትመኑት።

እዚያ የሚያድነው ኢፐርብ የሚባለው ተንሳፋፊ የአደጋ ምልክት መላኪያ ነው። በ406 ሜጋኸርትዝ ኮስፓስ ሳርሳት ለተባለው ዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ሥርዓት ሳተላይቶች ይጮኻል፤ ከተነሳ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ይሠራል። ጂፒኤስ ያለው ቦታውን በ100 ሜትር ገደማ ይናገራል። የሌለው በኪሎ ሜትሮች ሊስት ይችላል። የዋጋ ልዩነታቸው ምንም ይሁን፣ ጂፒኤስ ያለውን መግዛት ነው። አቀማመጡም ጀልባዋ ስትሰምጥ ራሱ ተፈትቶ እንዲንሳፈፍ ይሁን። አንድሪያ ጌይል የተባለችው የግሎስተር ጀልባ በጥቅምት 1991 ስድስት ሰዎች ይዛ ጠፋች። ኢፐርቧ በካናዳዋ ሴብል ደሴት ዳርቻ ተገኘ። እሷ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ራዳር ሲመረጥ ሁሉም የሚጠይቀው ስንት ማይል ያያል ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ጨረሩ ምን ያህል ጠባብ ነው የሚለው ነው። ጨረሩ 4 ዲግሪ የሆነ ትንሽ ራዳር በ6 የባሕር ማይል ርቀት ላይ ወደ 780 ሜትር ስፋት ይሸፍናል። ጎን ለጎን 500 ሜትር ተራርቀው የሚሄዱ ሁለት መርከቦች እዚያ ላይ አንድ ነጥብ ናቸው። የጨረር ስፋቱ 2 ዲግሪ የሆነው ረዘም ያለ አንቴና ግን ሁለት አድርጎ ያሳያቸዋል። ጭጋግ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መርከቦች ማንነታቸውን በሬዲዮ የሚያሳውቁበትን ኤአይኤስ መጨመር ጥሩ ነው፤ የመርከቡን ስምና ፍጥነት ይነግራል። ያልገጠመውን ጀልባ ግን አያሳይም።

የመጀመሪያውን ለሥራ የበቃ ዓሣ መፈለጊያ በ1948 ለገበያ ያወጡት የጃፓን ፉሩኖ ወንድማማቾች ናቸው። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው፤ ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውን ይቀበላል። በ200 ኪሎኸርትዝ የሚላክ ድምፅ ጥልቀቱ ባነሰ ውኃ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል። በባንኩ ደቡባዊ ጠርዝ ወዳሉት ገደሎች ሲወረድ 50 ኪሎኸርትዝ ያስፈልጋል። ኮድ የተባለው ዓሣ ሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት ስላለው በደንብ ይታያል። ማኬሬል የተባለው ዓሣ ከረጢት የለውም፤ በ50 ኪሎኸርትዝ ደብዝዞ በ200 ይሻላል። ስለዚህ ምርጫው ምን ዓይነት ዓሣ ታጠምዳለህ በሚለው ይወሰናል።

አሁን ወደ ሳተላይቱ እንምጣ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ለሁሉም የሚያሰራጭ ነው፤ የሲሪየስ ኤክስኤም የባሕር አገልግሎት እንዲህ ነው። ተቀባዩ ከካርታው ስክሪን ጋር ይያያዛል። ዝናብ፣ መብረቅ፣ የሞገድ ከፍታና የውኃው ሙቀት ሳትጠይቀው ይመጣል። መልስ መላክ አይቻልም። ሌላው ሁለት አቅጣጫ ያለው ነው። ኢሪዲየም የተባለው የሳተላይት ስልክ አገልግሎት የትም ይሠራል፤ የቆየው የስልክ መስመሩ ግን በሴኮንድ 2.4 ኪሎቢት ብቻ ስለሆነ 30 ኪሎባይት የንፋስ ትንበያ ለማውረድ ወደ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። የሳተላይት ኢንተርኔት የሚሰጠው ስታርሊንክ በ2022 ለመርከቦች አገልግሎት ጀምሯል። ፈጣን ነው፤ ኤሌክትሪክ ግን በደንብ ይበላል።

የትኛውም ቢገዛ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው የዝናብ ምስል የአሁን አይደለም። የየብስ ራዳሮች ቃኝተው፣ ተቀናብሮ፣ ወደ ሳተላይት ወጥቶ የወረደ ነው። ደቂቃዎች አልፈውታል፤ ወጀቡ ደግሞ አይጠብቅም። ቅርብ ያለውን ዝናብ የጀልባዋ የራሷ ራዳር ይንገርህ፤ የሳተላይቱ ለነገ ውሳኔ ነው። ትንበያው የሞገድ ከፍታ 3 ሜትር ካለ፣ ይህ ከሞገዶቹ ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። እጥፉን የሚያክል ሞገድ ሊመጣ ይችላል። በየ12 ሴኮንዱ የሚመጣ 3 ሜትር ይቻላል፤ በየ6 ሴኮንዱ የሚመጣው ግን ሰው ይጥላል። ንፋሱ በባሕሩ ጅረት ፊት ለፊት ከመጣ ደግሞ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከመነሳት በፊት ትንበያውን ጆርጅስ ባንክ ላይ ከተተከለው 44011 ቁጥር ተንሳፋፊ መለኪያ ጋር ማስተያየት ነጻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ አካባቢ ኮድና መሰሎቹን ለማጥመድ ፈቃድ ያላቸው ብዙ ጀልባዎች ያሉበትን ቦታ ለመንግሥት የሚልክ የሳተላይት ሳጥን በሕግ ተገድደው ገጥመዋል። አንዳንዱ ሳጥን ኢሜይልም ይልካል። ሌላ ደንበኝነት ከመግባት በፊት ያ ሳጥን ምን እንደሚችል ሻጩን መጠየቅ ይበጃል።