«ሩ ሙ ሳን ፈን»፦ እንጨት ውስጥ የሰረገው ቀለም

ባለፈው ሳምንት አንድ የቻይንኛ አስተርጓሚ ወዳጄ ስለ አለቃው ሲያወራኝ «ንግግሩማ ሩ ሙ ሳን ፈን ነው» አለ። ሰውየው ስብሰባ ላይ ሠራተኞቹን እንዴት እየጮኸ እንዳዋረዳቸው ነበር የሚነግረኝ። በጣም ከነከነኝ። «እንጨት የሚበሳ ማለት አይደል?» አለኝ። አይደለም።

ቃል በቃሉ «ሦስት ፈን እንጨት ውስጥ ገባ» ነው፤ ፈን የድሮ የቻይና የርዝመት መለኪያ ነው። አባባሉ የተነገረው ስለ ዋንግ ሺዥ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በምሥራቅ ጂን ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረ የቁም ጽሕፈት ሰው ነው። እንደሚተረከው ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማው በስተሰሜን መሥዋዕት ሲያቀርብ ጸሎቱ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጻፍ ነበር። ጽሑፉ የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ አናጢ ተጠርቶ ሰሌዳውን ይልገዋል። አናጢው የዋንግን ጽሑፍ ላገ፤ አልጠፋም። ደግሞ ላገ፤ አሁንም አለ። ቀለሙ ሦስት ፈን ሰርጎ ገብቷል። በዘመኑ ልኬት ወደ 7 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ቀለሙን ማወቅ ደግ ነው። ጥድ ይነድና ጥላሸቱ ይሰበሰባል። ከቆዳ በሚወጣ ሙጫ ይለወሳል፣ ይወቀጣል፣ ተድቦልቡሎ ይደርቃል። ጸሐፊው መጻፍ ሲፈልግ ድንጋይ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ ቀስ ብሎ ይፈጨዋል።

ይህ ነገር እኔን ወዲያው አጎቴ ቤት ወሰደኝ። አጎቴ ብራና ይጽፍ ነበር። የሱም ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ነው። ከምጣዱ ሥር የምፍቅለት እኔ ነበርኩ፤ እጄ እስከ ክርኔ ይጠቁር ነበር። ሲሳሳት በካራ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ያደርጋታል፣ ፊደሏ ትጠፋለች። ብራና ቀለሙን ፊቱ ላይ ነው የሚይዘው። የዚያ አናጢ ድንጋጤ ቶሎ የገባኝ ለዚህ ይመስለኛል።

እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ አባባል የወጣው ከአናጢዎች አፍ ነው። ሊቃውንቱማ አጻጻፉን ሲያወድሱ «እንደ ተንሳፋፊ ደመና፣ እንደ ደነበረ ዘንዶ» ነው ያሉት። በፈን የሚለካ አናጢ ነው። ስንት ጊዜ እንደላገ፣ ስንት ፍቅፋቂ እግሩ ሥር እንደወደቀ የሚያውቀው እሱ ነው። ደግሞ ብሩሽ ጸጉር ነው። ብትጫነው ይተኛል እንጂ አይበሳም። ቀለም የሚሰርገው ለስላሳና ደረቅ እንጨት ላይ፣ ያልቸኮለ እጅ ሲያሳርፈው ነው።

ያ እጅ የሠለጠነው ዝይ በማየት ነው ይባላል። ዋንግ ዝይ ነፍሱ ነበር። አንገታቸው ሲጠማዘዝ እያየ የእጁን አንጓ አለማመደ ይላሉ። አንድ የዳኦ (የጥንት የቻይና እምነት) መነኩሴ የሚያረባቸውን ዝይዎች አይቶ ልግዛ ቢል፣ መነኩሴው «መጽሐፍ ገልብጥልኝና ውሰዳቸው» አለው። ጻፈለት። ዝይዎቹን ይዞ እየተደሰተ ሄደ።

በ353 እ.ኤ.አ. ደግሞ በላንቲንግ፣ በዛሬዋ ሻኦሺንግ አጠገብ፣ ከወዳጆቹ ጋር ወንዝ ዳር ተቀምጦ ነበር። የመጠጥ ጽዋ ውኃው ላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል፣ እነሱ ግጥም ይገጥማሉ። ለግጥሞቹ መግቢያ ጻፈ፤ 28 መስመር፣ 324 ፊደል። «ዥ» የምትባለው ፊደል ሃያ ጊዜ ያህል ትመላለሳለች፤ አንዷም ሌላዋን አትመስልም። ዋናው ጽሑፍ ዛሬ የለም። የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ከፍቅሩ ብዛት ይዞት ተቀበረ ይባላል። እኛ የምናየው ግልባጩን ነው።

እናም ቻይንኛ የምትማሩ ልጆች፣ አደራ፣ ይህን ቃል ለጩኸትና ለስድብ አታውሉት። ለዚያ «አጥንት የሚሰብር» የሚል አማርኛ አለን። ቻይኖች ይህን የሚሉት አንድን ነገር እስከ ውስጡ ዘልቆ ላየ ጽሑፍ ወይም ትንታኔ ነው።

ወዳጄን «ለመሆኑ አለቃህ ያን ቀን ምን ነበር ያለው?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበ። ከጩኸቱ በቀር አንድም ቃል አላስታወሰም።