ለፎርዊል መኪና ትልቅ ጎማና ወጣ ያለ ቸርኬ

ሃይሉክስ፣ ፕራዶ ወይም ሃርድቶፕ የያዘ ሰው አንድ ቀን የማይቀርለት ሐሳብ አለ። ጎማውን ከፍ ላድርገው፣ ቸርኬውንም (ጎማው የሚገጠምበትን ብረት) ወጣ ላድርገው ይላል። አንዳንዱ ለመንገዱ ብሎ ነው። አብዛኛው ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መኪናው ደረቱን ነፍቶ እንዲቆምለት ነው። ነውር የለውም፣ እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነው።

ነገሩ ሁለት ሥራ ነው፤ ሰው ግን እንደ አንድ ዕቃ ይገዛዋል። አንዱ የጎማው ቁመትና ስፋት ነው። ሌላው ቸርኬው ሞዞው ላይ፣ ማለትም በቡሎን በሚታሰርበት የእግሩ መሃል ላይ፣ ሲታሰር ምን ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምን ያህል ወደ ውጭ ይወጣል የሚለው ነው፤ ኦፍሴት ይባላል። ስለ መጀመሪያው ሁሉም ያወራል። ዋጋ የሚያስከፍለው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ከጎማው ቁጥር እንጀምር። ጎኑ ላይ 265/70 አር 16 ይላል እንበል። 265 ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። 70 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው፣ 185.5 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። ጎኑን ሁለት ጊዜ፣ ቸርኬውን አንድ ጊዜ ደምሩ፤ ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 777 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። የድሮ ላንድክሩዘሮች የሚጫሙት 7.50 አር 16 ግን አጻጻፉ ሌላ ነው። 7.50 ስፋቱ በኢንች ነው፣ የጎኑ ቁመት ጭራሽ አልተጻፈም። ቀጭን ቢመስልም ቁመቱ ወደ 80 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ያ ወፍራም የሚያምረው 265/70 ከዚህ ቀጭን ጎማ ያጠረ ነው። ይህን ስል የማያምነኝ ሰው አጋጥሞኛል፤ ሜትር ዘርግተን ለካን፣ ዝም አለ።

አሁን ጎማውን እናሳድገው። 265/75 አር 16 ብታስገቡ ቁመቱ 804 ሚሊሜትር ይሆናል። 285/75 አር 16 ብታስገቡ 834፤ ሰው "ሠላሳ ሦስት" የሚለው ይህንን ነው፣ ኢንቹን ይዞ። ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር 56 ሚሊሜትር ጨመረ ማለት ነው። መኪናው ከመሬት የሚነሳው ግን በግማሹ ብቻ ነው፣ በ28 ሚሊሜትር። ሁለት ጣት አይሞላም። ሌላው ግማሽ የት ሄደ? ወደ ላይ፣ ጎማውን ከላይ ወደሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ወደ ፓራፋንጎው።

ትንሽ ናት ብሎ መናቅም አይገባም። ሞላ ብትቀይሩ፣ ባሌስትራ ብትጨምሩ ጋቢናውና ሻንሲው ይነሳሉ እንጂ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል ያለው ዲፍረንሻል ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጎማው ላይ ስለሚያርፍ እሱን ከድንጋይ የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። በአፋር ጥቁር ድንጋይ ላይ የነዳ ሰው ሁለት ጣት ምን ማለት እንደሆነች ያውቃታል።

ሒሳቡ ግን እዚያ አያበቃም። ጎማው በ7 በመቶ ሲያድግ ኪሎሜትር ቆጣሪው ይህን አያውቅም፣ የሚቆጥረው ዙር ብቻ ነውና። ቆጣሪው 100 ሲል እናንተ በ107 እየሄዳችሁ ነው። ፋብሪካዎች ቆጣሪውን አስቀድመው ትንሽ ከፍ አድርገው ይሠሩታል፣ በብዙ አገር የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብም ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል። ስለዚህ 265/75 ላይ፣ ጭማሪው 3 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ቆጣሪው እንዲያውም ወደ እውነቱ ሊቀርብ ይችላል። በ33ቱ ላይ ግን ይዋሻል። የተነዳው ኪሎሜትርም አንሶ ይመዘገባል፣ ዘይት መቀየሪያው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ነዳጅ ፍጆታ ስትለኩ ከሆነውም በላይ የበላ ይመስላችኋል። ብዙ ሰው "ጎማ ቀይሬ ነዳጅ እጥፍ ሆነብኝ" የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ጨምሯል፣ ግን ያን ያህል አይደለም።

ሁለተኛው ጣጣ ጉልበት ነው። ትልቅ ጎማ ማለት ረጅም ማርሽ ማለት ነው፤ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ጉልበቱ ግን ያንሳል። ዲፍረንሻላችሁ 4.1 ከሆነ፣ ማለትም ወደሱ የሚገባው ዘንግ 4.1 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ የሚዞር ከሆነ፣ 33ቱን ስታስገቡ መኪናው 3.8 እንደተገጠመለት ሆኖ ይነዳል። በባሕር ጠረፍ አገር ይህ እምብዛም አይሰማም ይሆናል። እኛ ያለነው ግን አዲስ አበባ ላይ ነው፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ በሃርድቶፑ ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ፣ ገና ሳይነሳ ትንፋሽ አጥሮታል። እላዩ ላይ ከባድ ጎማ ጨምራችሁ፣ ጭነት ጭናችሁ፣ እንጦጦን ስትወጡ ሦስተኛ ማርሽ የነበረው መንገድ ሁለተኛ ይሆናል። ፍሪሲዮኑም ዳገት ላይ ስትነሱ ያለቅሳል። መድኃኒቱ የዲፍረንሻሉን ጥርስ መቀየር ነው፤ ይሠራል፣ ግን የፊቱም የኋላውም አንድ ላይ ካልተቀየረ ፎርዊሉን ስታስገቡ ካምቢዮው ውስጥ ጦርነት ይነሳል። ዋጋውን ስትሰሙ ደግሞ ጎማውን ወደ ቦታው መመለስ ያምራችኋል።

መውጣቱስ ይሁን፣ መውረዱ ነው የሚያሳስበው። ፍሬኑ ያው ነው፣ ዲስኩ አላደገም፣ ጎማው ግን ረዝሟል፣ አንዱ ብቻ ከ5 ኪሎ በላይ ሊጨምርም ይችላል። ያንን እየዞረ ያለ ክብደት ለማቆም ፍሬኑ የበለጠ መያዝ አለበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምትሄዱት፤ ማርሹም ስለረዘመ በሞተር መያዝም እንደ ድሮው አይዝላችሁም። አንድ ማርሽ ቀንሳችሁ ጀምሩ፣ ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት።

ወደ ኦፍሴት እንምጣ። ቸርኬውን በስፋቱ መሃል ለሁለት የሚከፍል መስመር አስቡ። ሞዞው ላይ የሚያርፈው የቸርኬው ፊት ከዚያ መስመር በስንት ሚሊሜትር ይርቃል? ያ ነው ኦፍሴት። ፊቱ ከመሃሉ ወደ መንገዱ በኩል ከሆነ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው፣ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ሻንሲው በኩል ከሆነ ኔጌቲቭ ነው፣ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ቸርኬው ላይ ኢቲ 30፣ ኢቲ 0 ተብሎ ተቀርጿል፤ ፊደሎቹ ከጀርመንኛ የመጡ ናቸው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ይወጣል። ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው። ሃይሉክሱ 265 ጎማ በኢቲ 30 ቸርኬ ይዟል። እናንተ 285 ጎማ በኢቲ 0 ልታስገቡ ነው። በድሮው የጎማው ውጭኛ ጠርዝ ከሞዞው ፊት 102.5 ሚሊሜትር ይወጣ ነበር፤ አሁን 142.5 ይወጣል። በአንድ ጎን 40 ሚሊሜትር ማለት ነው። ውስጠኛው ጠርዝ ደግሞ ጎማው ቢሰፋም ከሻንሲው 20 ሚሊሜትር ራቀ። ወደ ውስጥ እንዳይነካ ተብሎ የሚደረገው ለዚህ ነው፣ ሎጂኩም ትክክል ነው። ችግሩ መሪውን ስትጠመዝዙ ጎማው በሰፊ ክብ መዞሩ ነው፤ ያኔ የፓራፋንጎውን የኋላ ጥግ፣ ጭቃ መከላከያውን፣ አንዳንዴም ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚቀመጥበትን ድጋፍ ይቆርጣል። መኪናውን በሞላ ማንሳት ለዚህኛው ብዙም አይረዳም። ጎማው የሚመታው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ ነውና።

ከዚያ የመሪው ነገር አለ። የፊት እግር የሚዞርበት መስመር አለ፣ ከላይኛውና ከታችኛው መገጣጠሚያ ተነስቶ መሬት የሚደርስ። ያ መስመር መሬት ከሚነካበት ቦታ እስከ ጎማው መሃል ያለው ርቀት እንደ ማንሻ ዘንግ ይሠራል፣ ፋብሪካው አጭር አድርጎ ነው የሚሠራው። ቸርኬውን 30 ሚሊሜትር ስታወጡ ዘንጉን አረዘማችሁት። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጃችሁ ሊነጠቅ ይሞክራል። ሞዞው የሚዞርበት የፊት ኩሽኔታም ሸክሙ ከመሃሉ ስለራቀ ቶሎ ያልቃል።

የራሴን ልንገራችሁ። በአንድ ወቅት ለደብል ጋቢናዬ ያገለገሉ ቸርኬዎች ገዛሁ። ሻጩ "ልክ ነው፣ ዝም ብለህ አስገባ" አለኝ። ስድስቱም ቡሎን ገባ፣ አማረም፣ ፎቶ ተነሳሁ። ቁጥሩን ገልብጬ ያላየሁት እኔ ነኝ። ከወራት በኋላ ከ60 በላይ ስነዳ ከፊት ግራ በኩል አውሮፕላን የሚነሳ የሚመስል ድምፅ መጣ። ጎሚስታው በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ አወዛወዘው፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ኩሽኔታ። ቸርኬውን ሲፈታ ከኋላ ኔጌቲቭ 22 ተጽፎበታል። ከፋብሪካው 52 ሚሊሜትር ወጥቷል ማለት ነው፣ ሳላውቅ ስነዳ የኖርኩት።

ኢቲ 0 ግን በራሱ ኃጢአት የለበትም። ላንድክሩዘር 80 ከፋብሪካው የሚወጣው በኢቲ 0 ቸርኬ ነው፣ 200 ደግሞ በኢቲ 60። ሞዞውና መሪው ለዚያ ስለተሠሩ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለውጡ ነው የሚቆጠረው። የሚገርመው ፋብሪካም ራሱ ይሳሳታል፤ 70 ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ2007 ቪ8 ናፍጣ ሞተር ሲገባለት የፊቱን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚይዘውን) አስፍተው የኋላውን ተዉት። የኋላ እግሮቹ ከፊቶቹ በ95 ሚሊሜትር ገደማ ጠበቡ። አሸዋ ላይ የኋላ ጎማው የፊቱ የከፈተውን ዱካ አይከተልም፣ አዲስ ዱካ ይቆፍራል። አውስትራሊያውያን ለኋላው ብቻ ሌላ ኦፍሴት የሚገዙት ለዚህ ነው፣ ይህኛው ለውበት አይደለም።

ቸርኬ ስትገዙ ቡሎኑንም እዩ። ሃይሉክስ፣ ፕራዶና 80 ስድስት ቡሎን በ139.7 ሚሊሜትር ክብ ላይ አላቸው። 100ና 200 አምስት በ150። ዳዶው የሚያርፍበት ቅርፅም ይለያያል፤ የቶዮታ የፋብሪካ አልሙኒየም ቸርኬ ባለ ጠፍጣፋ ዋሸር ዳዶ ይፈልጋል፣ ብረቱ ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ። አንዱን በሌላው ማሰር ይቻላል፣ ይጠብቃልም፣ መንገድ ላይ ግን ይላላል።

ስለ ስፋት ደግሞ፣ ሰፊ ሁሌ ይሻላል የሚባለውን አልቀበልም። አሸዋ ላይ ይሻላል። ዋልካ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋልካ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፣ ከዚያ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ትልቅ ጎማ ያስገባ ሰው ክፍተቱን አስቀድሞ ስለጨረሰው ሦስት መቶ ሜትር ሳይሄድ ጎማው አልዞር ይላል። ወርዶ በእንጨት መፋቅ ነው። ጠባቡ 7.50 የሚያልፍበት ቦታ ላይ 285 ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። አሸዋ ላይም ቢሆን ቁም ነገሩ ንፋሱ ነው፤ ከ36 ፒኤስአይ ወደ 18 ብታወርዱት ጎማው መሬት ላይ ረዝሞ ይተኛል፣ ከማንኛውም የመጠን ለውጥ የበለጠ ይረዳል፣ በነፃ። አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ ንፉ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንድ ደረጃ ከፍ በሉና የፋብሪካውን ቸርኬ አትንኩ። ከዚያ በላይ የምትሄዱ ከሆነ አራቱንም ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ብቻ ፊት ላይ አስገቡና ያንን እግር ድንጋይ ላይ አውጡት፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ቀኝ አዙሩት፤ ሌላ ሰው በባትሪ ይመልከት። ጣት የማያስገባ ቦታ ካለ ጭቃ ውስጥ ይነካል። አራቱም ከገቡ በኋላ አላይመንት አስደርጉ፣ ከ100 ኪሎሜትር በፊትም ዳዶዎቹን አንዴ አጥብቁ።

ስኮርታውንም አትርሱ። አራት ትልቅ ጎማ ገዝቶ አምስተኛውን የድሮውን የሚተው ብዙ ነው። ሁልጊዜ በአራቱም እግር በሚነዳ መኪና፣ እንደ ፕራዶ ወይም እንደ 200፣ አንዱ እግር ካነሰ መሃለኛው ዲፍረንሻል ሳያርፍ ይዞራል። ሃይሉክስ ላይ ደግሞ 33ቱ ጎማ ከካሶኑ ሥር፣ ስኮርታው በሚንጠለጠልበት ቦታ፣ ላይገባ ይችላል። ይህንንም ጎሚስታው ዘንድ ሳላችሁ ሞክሩት።